ሁሉም በቪዲዮ የቀረጸው ድንጋይና ጀሪካን የተቀመጠበት ድንጋይ፦ ከሱሉልታ የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

ለምን ጻፍኩት

ይህን ጉዳይ ጽፌ ላስቀምጠው ያሰብኩት ለሦስት ሰዎች ስል ነው። አንዱ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ሁለተኛዋ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሦስተኛው የሲኖትራክ ረዳት ነው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሥራቸው ግን መታወቅ አለበት።

እኔ ሱሉልታ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሳይንስ ክበቡንም አስተባብራለሁ። ጉዳዩ የደረሰው በግቢያችን ውስጥ ነው። "ዳይኖሰር ተገኘ" የሚለው ወሬ በየአካባቢው በየጊዜው ስለሚነሳ፣ ሌላ ቦታ ያለ መምህር ወይም ፎርማን ነገ ተመሳሳይ ነገር ሊገጥመው ይችላል። ያኔ እኔ የሠራሁትን ስህተት እንዳይደግም እፈልጋለሁ።

አካባቢው

ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። አሁን ግንባታ የሌለበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። አጥር፣ መሠረት፣ የውኃ መውረጃ፣ ሁሉም ድንጋይ ይፈልጋል። ድንጋዩ በአብዛኛው ከቅርብ ካባ፣ ማለትም ከድንጋይ ማውጫ፣ የሚመጣ ጥቁር ድንጋይ ነው።

መንገዱ ግን ሌላ ድንጋይም ያመላልሳል። ጫንጮ ሲደርሱ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ ወደ ደርባና ወደ ሙገር ይወስዳል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ እዚያ ናቸው። የኖራ ድንጋይና ጂብሰም የሚጭኑ መኪኖች በዚህ መስመር ይመላለሳሉ። አንድ መኪና ዛሬ ጂብሰም፣ ነገ የአጥር ድንጋይ ሊጭን ይችላል። ይህን ነገር ያኔ ልብ አላልኩትም ነበር። የጉዳዩ ቁልፍ ግን እሱ ሆኖ ተገኘ።

ትምህርት ቤታችን የጓሮ አጥሩን በግንብ ለመተካት ሥራ ጀምሮ ነበር። ስድስት ያህል ቢያጆ ድንጋይ በተለያየ ቀን ተራግፎ በአንድ ቦታ ተከምሯል።

ምን ተፈጠረ

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ጠራቢው አንድ ትልቅ ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ ለሁለት ተከፈለ። ከመሃሉ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ቁራጭ ወጣ። አንደኛው ጫፉ እንደ ጉልበት አባጥ ያለ ነው። ላዩ ገርጥቶ ወደ ግራጫ ያደላል። የተሰበረው ጎኑ ጥቁር ሆኖ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው። ከቀዳዳዎቹ ብዙዎቹ ውስጥ ነጭ ነገር አለ። አጠገቡ የነበረው የቀን ሠራተኛ አይቶ፣ "ይሄማ ቅልጥም ነው!" አለ።

እውነትም ቅልጥም ይመስላል። ቆይቼ ብቻዬን ሳየው እኔም ለአፍታ ልቤ ደንገጥ ብሏል።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጥቶ "ሱሉልታ ውስጥ የዳይኖሰር አጥንት ተገኘ" እየተባለ ነበር። የግቢው በር በሰው ተሞልቷል። ተማሪዎች ክፍል አልገቡም። ሁለት ደላሎች ከጠራቢው ጋር ጥግ ይዘው ይነጋገራሉ። ፎርማኑ ሥራ አስቁሟል። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ ደግሞ ውስጡን ለማየት ብሎ አባጣውን ጫፍ በመዶሻ መትቶ አድቅቆታል።

እኔም ሰው መሃል ገብቼ ጮክ ብዬ፣ "ይሄ ድንጋይ ነው፤ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ!" አልኩ።

ጠራቢው ቀና ብሎ አየኝ። "ቲቸር፣ ድንጋይ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። አጥንት ድንጋይ አይሆንም እንዴ?"

የሚመልስ ቃል አጣሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ቅሪተ አካል የሆነ አጥንት ማለት እኮ ብዙውን ጊዜ ድንጋይ የሆነ አጥንት ማለት ነው። በደለል የተቀበረ አጥንት ውስጥ ውኃ እየሰረገ ማዕድን ይሞላበታል፤ ከረጅም ዘመን በኋላ ቅርጹ የአጥንት፣ ክብደቱ የድንጋይ ይሆናል። እኔ ይህን ለአሥራ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሰው ፊት የሰጠሁት መልስ ግን ስህተት ብቻ ሳይሆን ሰውየውን የሚያሳንስ ነበር። ያን ቀን ብዙ ሰው ድንጋዩን ልወስድበት የፈለግሁ መስሎት ሄዷል። ያንን ጥርጣሬ ለማጥፋት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል።

በቤተ ሙከራ ያደረግናቸው ሙከራዎች

ጠራቢውን ይቅርታ ጠይቄ ድንጋዩን አብረን ወደ ቤተ ሙከራ አስገባነው። ከክበቡ ተማሪዎች ጋር ሆነን እንደምንም ለመመርመር ሞከርን። የሞከርናቸው ሁለት ነገሮች ሁለቱም አሳሳቱን። ስለዚህ በዝርዝር ልናገር።

የመጀመሪያው የምላስ ሙከራ ነው። ቅሪተ አካል የሆነ አጥንት ቀዳዳው ረቂቅ ስለሆነ እርጥበት ይስባል፤ ምላስ ሲነካው ይጣበቃል። የመስክ ሰዎች ይህን ዘዴ ይጠቀማሉ። አንድ ተማሪ ዩቲዩብ ላይ አይቶት ነበር። ድንጋዩን ጠርገን ሞከርን። ተጣበቀ! ክፍሉ በጩኸት ተሞላ።

ሁለተኛው የአቼቶ ሙከራ ነው። በነጩ ነጠብጣብ ላይ አቼቶ ስናንጠባጥብ ትንንሽ አረፋ ወጣ። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ "አጥንት ካልሲየም ነው፤ ካልሲየም ደግሞ ከአሲድ ጋር አረፋ ያወጣል" አለ። አነጋገሩ አሳማኝ ነበር። እኔም መጠራጠር ጀመርኩ፤ የተጠራጠርኩት ግን ሙከራውን ሳይሆን የራሴን የመጀመሪያ ግምት ነበር።

ማክሰኞ ማታ አራት ኪሎ አብሮኝ የተማረ ጂኦሎጂስት ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። "ምን ይመስላል?" ብሎ አልጠየቀኝም። "ከየት መጣ?" አለኝ። እኔም "ከክምሩ" አልኩት። "ክምሩስ ከየት መጣ?" አለኝ። አላውቅም ነበር።

ጂኦሎጂስቱ ያደረገው

ሐሙስ ዕለት መጣ። ቤተ ሙከራ ያስቀመጥነውን አላየውም፤ ቀጥታ ወደ ክምሩ ሄደ። ድንጋዮቹን እያገላበጠ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ከዚያ ፎርማኑን ስለ ካባው ጠየቀው። ከሱሉልታ ራቅ ብሎ ያለ ካባ ነው። እዚያም በስልክ ደውሎ ባለ ካባውን አነጋገረ። ቅልጥም የሚመስለው ድንጋይ የመጣው ከዚያ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ነው ወደ ቤተ ሙከራ የገባው።

ያስረዳን እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የምናየው አለት ከሞላ ጎደል በሙሉ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። እንጦጦ፣ ወጨጫ፣ ፉሪ፣ የረር፣ ሁሉም እሳተ ገሞራ የሠራቸው ተራሮች ናቸው። ደጋውን የሸፈነው ትልቁ የባዛልት፣ ማለትም የጥቁር ድንጋይ፣ ጎርፍ የፈሰሰው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የከተማችን ዙሪያ አለቶች ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው። ዳይኖሰሮች የጠፉት ደግሞ የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ነው። ሒሳቡ አይገጥምም። ዳይኖሰር ከጠፋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ በቀዘቀዘ አለት ውስጥ የዳይኖሰር አጥንት ሊገኝ አይችልም። ደግሞም ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚግል የቀለጠ አለት ውስጥ አጥንት ገብቶ እንዲህ ባለ ሁኔታ አይተርፍም።

ታዲያ ምላስ ላይ ለምን ተጣበቀ? ባዛልት ሲበሰብስ ሸክላ አፈር ይሆናል። የገረጣው ላዩ ሸክላ ነበር፤ ሸክላም ምላስ ላይ ይጣበቃል። ቀዳዳዎቹ የቀለጠው አለት ሲቀዘቅዝ ውስጡ የቀሩ የጋዝ አረፋዎች ናቸው። ነጩ ነገር ከብዙ ዘመን በኋላ ውኃ ይዞት ገብቶ ቀዳዳዎቹን የሞላ ማዕድን ነው። ከእነሱ አንዱ ካልሳይት ነው፤ አቼቶ ሲነካው አረፋ ያወጣል። አጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም በአብዛኛው ፎስፌት ስለሆነ እንደዚያ አያፈላም። የልጁ ሐሳብ ግማሹ እውነት ስለነበር ነው ያሳሳተን።

ጂኦሎጂስቱ አጉሊ መነጽሩን ለጠራቢው ሰጠው። ጠራቢው ብዙ ቆይቶ፣ "ሲበርድ የታፈነ እንፋሎት ነው ማለት ነው፤ እንደ እንጀራ ዓይን" አለ። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው በሱ አነጋገር ነው።

"ይሄኛውስ?"

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

ከቤተ ሙከራ ስንወጣ ከተማሪዎቹ አንዷ እጅ መታጠቢያው ጋ ቆመች። ቧንቧ በማይመጣበት ቀን ጀሪካን የምናስቀምጥበት ድንጋይ አለ። እሷ ቁጭ ብላ እያየችው፣ "ቲቸር፣ ይሄኛውስ? ቀለሙ ከሌሎቹ ይለያል" አለች።

እውነቷን ነው። ድንጋዩ ቢጫ ያዘለ ግራጫ ነው። በአንድ ጎኑ ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን፣ እንደ ሽብልቅ ያለ። ጀሪካኑን አነሳንና ውኃ አፈሰስንበት። እርጥቡ ላይ ነጫጭ ቅስት መስመሮች ታዩ፤ የተቆረጠ ጥፍር የበተኑበት ይመስላል። በቀጭኑ ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ ያልተሰበረ ነገር አለ። የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። ከአንድ ነጥብ ተነስተው የሚዘረጉ ስስ ስስ ሸንተረሮች አሉት። ግማሹ የተዘረጋ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ በሉት።

ጂኦሎጂስቱ ተንበረከከ። ኪሱ ካለው ብልቃጥ አንድ ጠብታ አሲድ በባዶው ጎን ላይ ጣል አደረገ፤ ድንጋዩ ፈላ። "የኖራ ድንጋይ ነው" አለ። "ይሄ ደግሞ የባሕር ቀንድ አውጣ ዘመድ ነው፤ ሁለት ክዳን ያለው ዛጎል። ይሄ ድንጋይ የባሕር ወለል ነበር።"

ቅዳሜና ሰኞ መንደሩ ሁሉ ባዛልቱን በቪዲዮ ሲቀርጽ፣ የዳይኖሰር ዘመን የባሕር ወለል ጀሪካን ተሸክሞ አጠገባቸው ነበር ማለት ነው።

ከየት መጣ? ታኮ ነበር

አሁን ጥያቄውን ተምረናል። ክምሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ሌላ ድንጋይ አንድም የለም። ታዲያ ይሄ እንዴት እዚህ ደረሰ?

መልሱን የሰጡን የግቢው ጥበቃ ናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። "ይሄንን እኔ ነኝ ያነሳሁት" አሉ። "ሦስተኛው ቢያጆ ሲራገፍ ረዳቱ ጎማ ሥር ታኮ አድርጎት ነበር። ሲሄድ ረስቶት ሄደ። ለጀሪካን ጥሩ ነው ብዬ ወሰድኩት።"

ፎርማኑ የማራገፊያ ደረሰኞችን ስለያዘ የሾፌሩን ስልክ አገኘን። ሾፌሩ ስልኩን ለረዳቱ ሰጠው። ልጁ መጀመሪያ ፈርቶ ነበር፤ ድንጋይ ሰረቅክ የምንለው መስሎታል። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው፣ "አንተ ልጅ፣ ማንም አልከሰሰህም፤ ያቺን ታኮ ከየት እንዳነሳሃት ብቻ ንገረን" አሉት። ከዚያ ተረጋጋ።

የነገረን ይህ ነው። ለአጥር ሥራው ከመምጣታቸው በፊት ከሙገር ጂብሰም ይጭኑ ነበር። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ጎማ ፈነዳባቸው። ታኮ ሲፈልግ ከተቆረጠው መንገድ ዳር አነሳው። ቅርጹ ለታኮ የተሠራ ስለሚመስል አልጣለውም፤ ሦስት ሳምንት ያህል ከመቀመጫው ኋላ ይዞት ዞሯል። ቦታውን በደንብ ያስታውሰዋል። ጎማ የፈነዳበትን ቦታ የሚረሳ ረዳት የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ሁሉ ድንጋይ ባለበት የሚቆይ ይመስለዋል። በኛ መንገዶች ግን ድንጋይ ይጓዛል። በታኮ፣ በመሠረት፣ በጌጥ ድንጋይ፣ በጠጠር ይጓዛል። አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ሕንጻ ፊት ላይ የተለጠፈው የአምቦ ድንጋይ ራሱ ከዳይኖሰር ዘመን የመጣ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ባዛልት ሰፈር መሃል ባሕር ማግኘት ይቻላል። ማን እንዳመጣው ካልጠየቅን ግን ተሳስተን፣ ሱሉልታ ላይ ባሕር ነበር ብለን ልንጽፍ እንችላለን።

ወደ ሙገር ጉዞ

በሚያዝያ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አሥራ አራት ተማሪዎች፣ ጂኦሎጂስቱ፣ ጠራቢውና እኔ በተከራየነው ሚኒባስ ወረድን። ረዳቱ የዕረፍት ቀኑን ሰጥቶ መንገድ መራን። የመጀመሪያው ቀጠሮ በዝናብ ተሰርዞ ነበር፤ ሁለተኛው ተሳካ።

የሙገር ሸለቆ የዓባይ ገባር የቆረጠው ሸለቆ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲወረድ ዘመን ወደ ኋላ ይቆጠራል። መጀመሪያ ጥቁሩ ባዛልት ገደል አለ። ከሱ ሥር ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ገደል ይመጣል። ጂኦሎጂስቶች የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ ይሉታል፤ ደብረ ሊባኖስ ገዳም አጠገብ ያለው ገደል ላይም ይታያልና። ከዚያ ተዳፋቱ ረጋ ይላል። አፈሩ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ አንዳንድ ቦታ አረንጓዴ ግራጫ እያለ ይቀያየራል። ይህ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከሙገር ነው። ከሱ በታች የኖራ ድንጋዩ፣ አንታሎ የሚባለው ንብርብር ይጀምራል። ሲሚንቶው የሚሠራው ከሱ ነው።

ተማሪዎቹ በጣም የተደነቁት በጭቃ ድንጋዩ ነው። ከሩቅ ሲታይ የታረሰ ቀይ ማሳ እንጂ ሌላ አይመስልም። ጂኦሎጂስቱ ግን ሚኒባሱን አስቁሞ፣ "ዳይኖሰር ፈልጋችሁ ነበር አይደል? ኢትዮጵያ ውስጥ ብትፈልጉ መፈለጊያው እንዲህ ያለ አፈር ነው" አላቸው።

ነገሩ እውነት ነው። ይኸው የጭቃ ድንጋይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በጀማ ወንዝ ሸለቆም ይገኛል። ከዚያ የተሰበሰቡ ቅሪቶች በ1999 እና በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሳይንስ መጽሔት ታትመዋል። ሥራውን ከመሩት አንዱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ጉድዊን ነው። የቅሪቶቹ ዕድሜ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ የጁራሲክ ዘመን ማብቂያ ማለት ነው። የተገኘው እንደ ፊልም የቆመ አጽም አይደለም። በአብዛኛው ጥርስ ነው። ሥጋ በል የሆኑትም ቅጠል በል የሆኑትም ዳይኖሰሮች ጥርስ ተገኝቷል። ከነሱም ጋር የዓሣ፣ የኤሊና የአዞ ዘመዶች ቅሪት አለ።

አንዷ ተማሪ፣ "ለምን ጥርስ ብቻ?" አለች። ጥርስ ከአካል ሁሉ ጠንካራ ስለሆነ ነው። ዳይኖሰር ደግሞ ዕድሜ ልኩን ጥርሱን ይቀያይራል፤ አንድ እንስሳ ብዙ ጥርስ ጥሎ ያልፋል። ወንዝ የሰበረውና ያንከባለለው አጥንት ይጠፋል፤ ጥርሱ ደለል ውስጥ ይቀራል።

የንብርብሩ ታሪክም ለልጆቹ ግልጽ ሆነላቸው። መጀመሪያ ባሕር ገባ፤ የኖራ ድንጋዩና ዛጎሎቹ የሱ ናቸው። ከዚያ ባሕሩ እየሸሸ ወንዞችና ረግረጋማ ዝቅተኛ ሜዳ ተተኩ፤ ጭቃው ያኔ ተጋገረ፤ ዳይኖሰሮቹም በዚያ ሜዳ ላይ ሄዱ። ከዚያ አሸዋ። ከብዙ ዘመን በኋላ ባዛልቱ መጥቶ ሁሉንም ከደነ። ሱሉልታ ላይ ቆመን የምናየው ክዳኑን ብቻ ነው።

ረዳቱ ያለው ቦታ ላይ ስንደርስ ሚኒባሱ ሳይቆም ነው እጁን የቀሰረው። የተቆረጠው መንገድ ግድግዳ ቢጫ ያዘለ ግራጫ ነው። ከግድግዳው ላይ እነዚያው ነጫጭ ቅስቶች ይታያሉ። ጠራቢው እጁን ዘርግቶ ሳይነካው መለሰው። "እዚህ ነበር እንግዲህ" አለ። ሌላ አልተናገረም።

ያልተሳካው

ጥሩውን ብቻ ብጽፍ ጉዳዩ ግማሽ ይሆናል።

የባዛልቱ ቪዲዮ በብዙ ሺህ ሰው ታየ። ተማሪዎቹ የሠሩት ማስተካከያ ቪዲዮ ግን ከክበቡ አባላትና ከቤተሰቦቻቸው ብዙም አላለፈም። እስከ ዛሬ "ያ ዳይኖሰር የት ደረሰ?" የሚለኝ ሰው አለ።

ዛጎሉንም ጎድተነዋል። ሐሙስ ዕለት በደስታ ብዛት አንድ ተማሪ በሽቦ ብሩሽ ፈተገው፤ ሸንተረሮቹ በአንድ በኩል ተልጠዋል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ከመንካታችን በፊት ምን መደረግ እንዳለበት መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ውኃና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃ ነበር፤ እሱም ፎቶ ከተነሳ በኋላ።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ጠራቢው ነው። ሥራ በቆመባቸው ሁለት ቀናት ደመወዝ አልተከፈለውም። ደላሎቹ ተስፋ ሰጥተውት ነበር፤ እኛ ደግሞ ተስፋውን ወሰድንበት። ኮንትራክተሩን ብንለምንም አልተስማማም። በመጨረሻ መምህራን አዋጥተን ከፈልን። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ማሰብ ነበረብን። የቀን ሠራተኛ ያገኘውን ነገር ቢያሳውቅ ደመወዙ የሚቀርበት ከሆነ፣ ቀጣዩ ሰው ያገኘውን ሲሚንቶ ውስጥ ይቀብረዋል። አልፈርድበትም።

ለሌላው የሚተርፍ

ነገሩ ሲገጥማችሁ "ምንድን ነው?" ከማለታችሁ በፊት "ከየት መጣ? ማን አመጣው?" በሉ። ካባው፣ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጥበቃው፣ ሁሉም ይጠየቅ። ቶሎ ይጠየቅ፤ ደረሰኝ ይጠፋል፣ ስልክ ይቀየራል። ቦታው የማይታወቅ ቅሪት ለተመራማሪ ብዙ አይናገርም። ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ካልታወቀ ዕድሜውም፣ አብሮት የኖረውም አይታወቅም።

የአለቱን ዓይነት መለየት ከቅርጹ ይቀድማል። ቅሪተ አካል በአብዛኛው የሚገኘው ደለል ተጋግሮ በሠራው አለት ውስጥ ነው፤ በኖራ ድንጋይ፣ በአሸዋ ድንጋይ፣ በጭቃ ድንጋይ። በጥቁር ድንጋይ ውስጥ አጥንት የሚመስል ነገር ካያችሁ የጋዝ ቀዳዳ ወይም የመበስበስ ቅርጽ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የምላስና የአቼቶ ሙከራ ለክፍል ማስተማሪያ ጥሩ ናቸው፤ ለብይን ግን አይበቁም።

ላገኘው ሰው "ድንጋይ ነው" አትበሉት። "እስቲ አብረን እንየው" በሉት። ልዩነቱን በአንድ ጠዋት አይቼዋለሁ።

ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታም ሆነ በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቅ ያዛል። መሸጥ አይታሰብም። ለደላሎቹ ይህን አዋጅ አትሜ ሳሳያቸው ተመልሰው አልመጡም። ጉዞው ላይም ከመንገድ ዳር ምንም አላነሳንም። አንድ ተማሪ ትንሽ ዛጎል ኪሱ ሊከት ሲል ሌላዋ እጁን ያዘችው፤ ፎቶ አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

ፎቶ ሲነሳ ደግሞ ከጎኑ መጠን የሚያሳይ ነገር ይቀመጥ። ሳንቲም ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቻችን መጠን ስለሌላቸው ለምንም አልሆኑም።

አሁን ያሉበት ሁኔታ

ቅልጥም የሚመስለው ባዛልት አጥሩ ውስጥ ገብቷል። ከበሩ በስተቀኝ ሦስተኛው ድርድር ላይ ነው። ጠራቢው ራሱ ቀዳዳ ያለውን ፊት ወደ ውጭ አድርጎ ገነባው። ተማሪዎቼን ስለ እሳተ ገሞራ ሳስተምር እዚያ አቆማቸዋለሁ።

ስለ ኖራ ድንጋዩ ፎቶና የቦታ መግለጫ አያይዘን ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ደብዳቤ ጽፈናል። እስከዚያው ቤተ ሙከራው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ወረቀት ተለጥፎበታል፤ የተነሳበት ቦታ፣ ቀን፣ የአለቱ ዓይነት። "ያገኘው" በሚለው መስመር ላይ የሁለት ሰው ስም አለ፤ የተማሪዋና የረዳቱ። ለጀሪካኑ ጋሼ ሌላ ድንጋይ ፈልገዋል፤ ከማስቀመጣቸው በፊት ግን አምጥተው አሳዩኝ።

ረዳቱ አሁንም በዚያ መስመር ይሠራል። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። መንገድ ዳር ያለ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ነጫጭ ቅስቶች አሉበት። ከጎኑ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጧል። ከሥር ደግሞ ከየትኛው ድልድይ ምን ያህል ርቀት ላይ እንዳለ ጽፎ፣ "አላነሳሁትም ቲቸር" ብሏል።